የተጎዳ ፀጉር እያሳደግን የተሰነጠቀውን ጫፍ ምን እናድርገው?

ፀጉር ቀጥ የሚያደርገውን ሪላክሰር ካቆምኩ ስምንተኛ ወሬን ይዤ ነበር። ለፋሲካ ሹሩባ ልሠራ ሰፈራችን ያሉ አንዲት ሴትዮ ዘንድ ሄድኩ። ሚዶውን አንስተው ሊያበጥሩ ሲሉ ቆም አሉ። ጫፉን በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ መስኮቱ አዞሩትና «ልጄ፣ ይሄ እኮ ጥጥ ሆኗል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከላይ አዲስ የበቀለው ጠቆር ብሎ ጥምዝምዝ ብሏል። ከታች ያለው ግን ቀጥ ብሎ ሳስቷል። ጫፉማ እንደ ተተረተረ ክር ብትንትኑ ወጥቷል። «እትዬ፣ ቅቤ ቢቀባ አይመለስም?» አልኳቸው። «ቅቤማ ያለሰልስልሻል። የተሰነጠቀ ግን አይሰፋም» አሉ።

ያን ቀን ትንሽ ከፍቶኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን ዋናውን ነገር በአንድ አፍ ነግረውኛል። ብዙ ሴቶች የሚጠይቁኝም ይህንኑ ነው። ሪላክሰሩን ትተናል፣ ወይ ቀለሙን ትተናል፣ እንዲያድግ እየጠበቅን ነው። ጫፉ ግን እየተሰነጠቀ ፀጉራችን ባለበት ቆሟል። ምን እንቀባው? ይላሉ። መልሱ ያለው በሚቀባው ነገር ላይ አይደለም። ለምን እንደሆነ ለመረዳት አንዲት የፀጉር ክር ይዘን ጠጋ ብለን እንያት።

ፀጉራችን ሕይወት ያለው ከራስ ቆዳችን በታች ብቻ ነው። እዚያ ሥሩ ጋ ደም ይደርሰዋል፣ አዳዲስ ሴል ይሠራል፣ ያድጋል። ከቆዳ በላይ ከወጣ በኋላ ግን ደምም ነርቭም የለውም። ስንቆርጠው የማያመን ለዚህ ነው። እጃችን ቢቆረጥ ቁስሉ ይድናል፣ ሰውነታችን ይጠግነዋል። ፀጉር ቢሰነጠቅ ግን የሚጠግነው የለም። እንዲያውም ጫፉ ከሁሉም ያረጀው ክፍል ነው። 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፀጉር ጫፉ ከቆዳ ከወጣ ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ሆኖታል። የሁለት ዓመት ተኩል ማበጠሪያ፣ ፎን፣ ፔስትራ፣ ፀሐይና ትራስ ሁሉ አልፎበታል።

የአንዲት ፀጉር አሠራሯ ደስ ይላል። ውጪዋ በጥቃቅን ቅርፊቶች የተሸፈነ ነው። ቅርፊቶቹ አንዱ በአንዱ ላይ እየተነባበሩ ከሥር ወደ ጫፍ ይተኛሉ፤ ልክ እንደ ሣር ክዳን ጎጆ። ዝናቡ ሳይገባ እየተንሸራተተ እንዲወርድ ሣሩ እንደሚደራረበው ማለት ነው። ካላመናችሁ አንዲት ፀጉር በሁለት ጣት ያዙና ከሥሯ ወደ ጫፏ ሳቡ። ትንሸራተታለች። አሁን ከጫፏ ወደ ሥሯ ሳቡ። ትንሽ ትይዛለች፣ ሻከር ትላለች። ጣታችሁ ላይ የተሰማችሁ የቅርፊቶቹ ጫፍ ነው።

ከክዳኑ ሥር ደግሞ ገመድ አለ። ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠሩ እጅግ ቀጫጭን ክሮች ተገምደው ነው ፀጉሩን የሚሠሩት። ጥፍርና የበሬ ቀንድም ከዚሁ ፕሮቲን ነው። ክሮቹን እርስ በርስ አጥብቀው ከያዟቸው ነገሮች ዋናው የድኝ ማሰሪያ ነው። ፀጉር ሲቃጠል ያ የምናውቀው የሚከረፋ ሽታ የሚመጣው ከዚሁ ድኝ ነው።

እንግዲህ ጫፍ ተሰነጠቀ የምንለው ክዳኑ ተገፎ አልቆ ገመዱ ሲተረተር ነው። በቃ ይኸው ነው። የገመድ ጫፍ ሳይቋጠር ቢቀር እየላላ ወደ ላይ እንደሚፈታ፣ ፀጉርም ማበጠሪያ በነካው ቁጥር ስንጥቁ ወደ ላይ ይሄዳል። አንድ ቦታ ሲደርስ ይበጠሳል።

ክዳኑን ምን ገፈፈው? እኛ ዘንድ የመጀመሪያው ተጠያቂ ሪላክሰር ነው። ሪላክሰር ጠንካራ አልካሊ ነው፤ ፒኤች የሚባለው መለኪያው ከ12 በላይ ይሆናል። ተራ የገላ ሳሙና ከ9 እስከ 10 አካባቢ ነው። ሪላክሰሩ ሲቀባ ፀጉሩ ያብጣል፣ ቅርፊቶቹ ይነሳሉ፣ መድኃኒቱ ወደ ውስጥ ይገባና የድኝ ማሰሪያዎቹን ይበጥሳል። ጥምዝነቱን የያዙት እነሱ ስለነበሩ ፀጉሩ ቀጥ ይላል። የተበጠሱት ማሰሪያዎች እንደነበሩ አይመለሱም። ስለዚህ በደንብ የተሠራ ሪላክሰር እንኳን ፀጉሩን ከበፊቱ ደካማ አድርጎት ነው የሚሄደው።

በደንብ ያልተሠራው ደግሞ ይብሳል። ደንቡ ሪላክሰር አዲስ በበቀለው ላይ ብቻ ይቀባል ነው። እኔ ስመላለስበት የነበረው ፀጉር ቤት ግን በየስድስት ሳምንቱ ከሥር እስከ ጫፍ ይለቀልቁት ነበር። እኔም አላውቅም፣ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። ሒሳቡን ሳሰላው የዚያን ጊዜ ጫፌ ከአሥር ጊዜ በላይ ሪላክሰር ጠጥቷል። ይህን የምናገረው እናንተ ወንበሩ ላይ ስትቀመጡ «አዲስ የበቀለው ላይ ብቻ» ብላችሁ እንድታዙ ነው። ታናሽ እህታችሁ አሁንም የምትቀባ ከሆነ እሷም ትስማው።

ብሊችም በሌላ መንገድ እዚያው ያደርሳል። ቀለሙን ለማውጣት ሲል ውጪውን የሚያለሰልሰውን የተፈጥሮ ቅባት አብሮ ይገፈዋል። ሪላክሰርና ብሊች አንድ ፀጉር ላይ ሲገናኙ ብዙ ጊዜ ፀጉሩ አይችለውም።

ሙቀት ላይ ግን ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ምክንያቱም ሪላክሰር ያቆሙ ሴቶች አዲሱንና አሮጌውን ለማመሳሰል ሲሉ ፔስትራ ያበዛሉ። እኔም አድርጌዋለሁ። ፔስትራው ፀጉሩን ሲነካ «ችስስ» የሚል ድምፅ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ጭስም ብን ይላል። ያ ማለት ፀጉሩ ውስጥ ውኃ አለ፣ ውኃውም ፈልቶ እንፋሎት ሆኖ እየወጣ ነው። መውጫ ሲያጣ ፀጉሩን ከውስጥ ይነፋዋል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ፀጉሩ ውስጥ ትናንሽ አረፋዎች ይታያሉ፤ እንደ ስፖንጅ ይሆናል። አረፋ ያለበት ቦታ ላይ ነው በኋላ የሚበጠሰው። ስለዚህ እርጥብ ፀጉር ላይ ፔስትራ በፍጹም አይደረግም። ደርቆም ቢሆን ቁጥሩ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ መሆን የለበትም። ለተጎዳ ፀጉር ከ180 በታች ይሁን፤ አንድ ቦታ ላይም ደጋግማችሁ አትመላለሱበት። ካስክ ከፔስትራ ይሻላል፤ ሙቀቱ ያንሳል፣ ብረትም አይነካውም። እያሳደግሁ ነው ላለች ሴት ግን ከሁሉም የሚሻለው በራሱ እንዲደርቅ መተው ነው።

አሁን የራሳችሁን ፀጉር እዩ። ጥቁር ፀጉር ከሆነ ነጭ ወረቀት ከጀርባው አድርጉ። ቀን ላይ መስኮት አጠገብ ሁኑ። እንደ ባላ ለሁለት የተከፈለ ታገኛላችሁ። ይህ ቀላሉ ነው። እንደ ላባ ግራና ቀኝ የተተረተረም አለ፤ ይህ ቆይቷል ማለት ነው። ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ጫፉ ላይ ሳይሆን መሐል ላይ የጨው ፍሬ የምታክል ነጭ ነጥብ ትታያለች። በጣት ስትነኳት ቋጠሮ ትመስላለች። ፀጉሩን እዚያ ላይ እጥፍ ብታደርጉት ቀጭ ብሎ ይሰበራል። እዚያ ቦታ ክዳኑ ተቀዶ ገመዱ እንደ ቡርሽ ተበትኗል ማለት ነው። እነዚህ ነጥቦች ከበዙ ጫፍ መቁረጥ ብቻውን አይበቃም፤ የሚጎዳውን ነገር ማቆም ያስፈልጋል።

ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። ልቆረጥ ወይስ ላሳድግ? ሁለቱ ጠላት ይመስላሉ። ሒሳቡን ስታዩት ግን ሌላ ነገር ይወጣል።

ፀጉር በወር በአማካይ 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። ጥምዝ ያለ ፀጉር ብዙ ጊዜ ከዚያ ትንሽ ያንሳል፤ ለሒሳቡ እንዲመች ግን 1 እንበል። አንዲት ሴት 30 ሳንቲ ሜትር ፀጉር አላት፣ ሁሉም ሪላክሰር የነካው ነው። ዛሬ አቆመች። በየሁለት ወሩ 2 ሳንቲ ሜትር ብትቆረጥ ያደገውን ያህል ስለምትቆርጥ ርዝመቱ 30 ላይ ይቆያል። ሰው ሲያያት «አላደገም» ይላል። ግን በዓመቱ 12ቱ አዲስ ነው፣ አሮጌው 18 ብቻ ቀርቷል። በሁለት ዓመት ተኩል ሙሉ በሙሉ አዲስ ፀጉር ይኖራታል፤ አንድም ቀን አጭር ፀጉር ሳይኖራት። በየሁለት ወሩ 1 ሳንቲ ሜትር ብቻ ብትቆረጥ ደግሞ በዓመቱ 36 ትደርሳለች። ነገር ግን ከዚያ ውስጥ 24ቱ አሮጌ ነው፣ እሱን ለመጨረስም አምስት ዓመት ይፈጃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። አሮጌው ፀጉር በማደግ አይወገድም። የሚወገደው በመቀስ ብቻ ነው። ማደጉ የሚጠቅመን የቆረጥነውን እየተካ ርዝመታችንን እንዲጠብቅልን ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ምን ያህል ርዝመት ይዤ፣ ምን ያህል ጊዜ ልታገሥ?» የሚል ነው። መልሱ ከሴት ሴት ይለያያል። አንዷ በአንድ ቀን ሁሉንም አስቆርጣ ትገላገላለች። ሌላዋ ሠርግ አለባት፣ ሥራ ቦታዋ አይመቻትም፣ ወይም አጭር ፀጉር አትወድም። ሁለቱም ልክ ናቸው።

አንዲትም ሳንቲ ሜትር አልቆረጥም የምትለውስ? እሷ መቀሱን ባታነሳ ፀጉሩ ራሱ ይቆረጣል። ሲቆረጥ ግን እኩል አይቆረጥም። አንዱ ከአንገት፣ አንዱ ከጆሮ ይበጠሳል። በዓመቱ 42 ጠብቃ ጥቂት ዘለላ ብቻ ረዝሞ የቀረው የሳሳ ጫፍ ይኖራታል። ብዙዎቻችን «ፀጉሬ አያድግም» የምንለው ይህንን ነው። ፀጉራችን እያደገ ነው፤ ከላይ በገባው ልክ ከታች እየወጣ ነው እንጂ።

በነገራችን ላይ «ሲቆረጥ ቶሎ ያድጋል» የሚባለው ትክክል አይደለም። የሚያድገው ሥሩ ነው። ሥሩ ጫፉ ላይ ምን እንደሆነ አያውቅም። መቆረጥ የሚጠቅመው እንዳይበጠስ ነው።

አቆራረጡም ወሳኝ ነው። ቤት ውስጥ ወረቀትም ጨርቅም የሚቆረጥበትን መቀስ አትጠቀሙ። የደነዘዘ መቀስ ፀጉሩን ጨፍልቆ ነው የሚበጥሰው፤ የተጨፈለቀው ቦታ በኋላ ይሰነጠቃል። ለፀጉር ብቻ የሚሆን ስለታም መቀስ ግዙና ለሌላ ነገር አታውጡት። ስንጥቁ የሚታይበት ቦታ ላይ ሳይሆን ከዚያ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ከፍ ብላችሁ ቁረጡ። ምክንያቱም ገመዱ ዓይናችን ከሚያየው በላይ ላልቷል። በሁለት ቀጠሮ መሐል ደግሞ ጥቂት ፀጉር ወስዳችሁ እንደ ገመድ ጠምዝዙት። የተሰነጣጠቁት ወደ ውጪ ብቅ ብቅ ይላሉ። እነሱን ብቻ እየለቀማችሁ ቁረጡ። ጊዜ ይወስዳል፣ እኔ እሑድ ከሰዓት ቡና እየተፈላ ነው የምሠራው። ርዝመት ሳይነካ ብዙ ይጠቅማል። በላይተር የሚለበልቡም አሉ። እባካችሁ ተዉት። እሳት ጫፉን አይዘጋውም፣ ያከስለዋል እንጂ።

ከዚህ ሁሉ መሐል በጣም የሚያስቸግረው ጫፉ ሳይሆን መጋጠሚያው ነው። አዲሱ ጥምዝ ፀጉር ከአሮጌው ቀጥ ያለ ፀጉር ጋር የሚገናኝበት መስመር። አንዱ ጠንካራ ነው፣ ሌላው ደካማ። ስትስቡት ጉልበቱ ሁሉ እዚያች ነጥብ ላይ ያርፋል። ከስምንተኛ ወር በኋላ ብዙ ሴት ተስፋ የምትቆርጠው እዚህ ላይ ሲበጠስባት ነው። ማበጠሪያውን ከሥር አትጀምሩ። ኮንዲሽነር ተቀብቶ እርጥብ እንዳለ፣ በጣት ፈታ ፈታ አድርጋችሁ፣ ጥርሱ ሰፋ ባለ ማበጠሪያ ከጫፍ ጀምራችሁ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ውጡ። ሌላኛው እጃችሁ መጋጠሚያውን ጨበጥ አድርጎ ይያዝ፤ ስበቱ እዚያ እንዳይደርስ። እርጥብ ፀጉር ደካማ ነው ይባላል፤ እውነት ነው። ጥምዝ ፀጉርን ደረቁን ማበጠር ግን ከዚያ የባሰ ይበጥሳል። ለዚህ ነው እርጥብ ሆኖ ኮንዲሽነር ሳይታጠብ የምለው።

ታዲያ የሚቀቡት ነገሮች ጥቅም የላቸውም? አላቸው። ሥራቸውን ማወቅ ነው ያለብን። «የተሰነጠቀ ጫፍ ይጠግናል» የሚል የተጻፈበት ጠርሙስ ብዙውን ጊዜ ሲሊኮን አለው። ሁለቱን ስንጥቅ ይይዛቸዋል፣ ያለሰልሳል፣ ያበራል። እስክትታጠቡ ድረስ። ይህ ማታለል አይደለም፤ የተለሰነ ፀጉር ከጎረቤቱ ጋር አይያያዝም፣ ሲበጠርም ይንሸራተታል። መቁረጡን ግን አይተካም።

የኮኮናት ዘይት ለየት ይላል። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት የኮኮናት፣ የሱፍ አበባና የማዕድን ዘይትን አወዳድሮ ነበር። ፀጉር ሲታጠብ የሚያጣውን ፕሮቲን የቀነሰው የኮኮናቱ ብቻ ሆነ። ወደ ፀጉሩ ውስጥ ስለሚገባ ነው። ከመታጠባችሁ በፊት ማታ ቀብታችሁ ብታድሩ ጥሩ ነው፣ በተለይ አሮጌውን ክፍል።

ቅቤስ? ለጋ ቅቤን እወደዋለሁ፣ እናቴም ያሳደገችኝ በሱ ነው። ቅቤ ፀጉሩን ይሸፍናል፣ መፋተግን ይቀንሳል፣ ውስጥ ያለው እርጥበት ቶሎ እንዳይወጣ ይይዛል። ነገር ግን ቅቤ ራሱ እርጥበት አይደለም። ክው ብሎ በደረቀ ፀጉር ላይ ከቀባችሁት ድርቀቱን ነው የሚሸፍነው። ፀጉሩን መጀመሪያ በውኃ ረጠብ አድርጉት፣ ከዚያ ቀቡት። በኋላም በደንብ ይታጠብ። አጣጠቡ ላይ ደግሞ የልብስ ሳሙና አይምጣ። ሳሙና አልካሊ ስለሆነ ቅርፊቶቹን ያነሳል። እንደ ድሬዳዋ ባለ ካልሲየም የበዛበት ውኃ ከታጠባችሁ ደግሞ ፀጉሩ ላይ ሻካራ ነገር ትቶ ይሄዳል። ሻምፖ የራስ ቆዳ ላይ፣ ኮንዲሽነር ጫፍ ላይ። አረፋው ሲወርድ ለጫፉ ይበቃዋል።

ፀጉራችሁ ምን እንደጎደለው ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ከታጠባችሁ በኋላ አንዲት የወለቀች እርጥብ ፀጉር ወስዳችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ተለጥጣ ስትለቋት ከተመለሰች ደህና ናት። ምንም ሳትለጠጥ ቀጭ ካለች ደርቃለች፣ ኮንዲሽነር ትፈልጋለች። እንደ ማስቲካ ተለጥጣ ካልተመለሰች የውስጡ ገመድ ተጎድቷል። ያኔ ፕሮቲን ያለው ትሪትመንት ለጊዜው ያግዛል፣ በወር አንዴ ቢበዛ ሁለቴ። ከበዛ ፀጉሩ ይደርቅና ይሰበራል።

ሹሩባ ለሚያሳድግ ሰው ጥሩ ነው። ጫፉ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፣ በየቀኑ አይበጠርም። አይጥበቅ ብቻ። ተሠርታችሁ ስትነሱ ግንባራችሁ ከተወጠረ፣ ሌሊት ትራስ ላይ መተኛት ካቃታችሁ ጠብቋል። ከዳር ዳር ያለው ለስላሳ ፀጉር ለዓመታት እንዲህ ከተሳበ ተመልሶ ላይበቅል ይችላል። ለሠሪዋ መንገር ነውር አይደለም። «እትዬ፣ ላላ ያድርጉልኝ» ማለት ነው።

ማታ ፀጉሩን በሳቲን ሻሽ እሠሩ። የጥጥ ትራስ እርጥበቱን ይመጥጣል፣ ቅርፊቱንም ይፈትጋል። ዐረብ አገር ያላችሁ እህቶች ቀኑን ሙሉ ፀጉራችሁ ተሸፍኖ ነው የሚውለው። ከሻሹ ሥር ሳቲን ነገር ብታደርጉና እርጥብ ሆኖ ባትሸፍኑት ለውጡን ታዩታላችሁ።

ሹሩባ ሲፈታ እፍኝ ፀጉር ወጥቶ የሚደነግጥ አለ። ጤነኛ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ይረግፍበታል። ሹሩባው ሁለት ሳምንት ከቆየ 700 እና ከዚያ በላይ ፀጉር እዚያው ታስሮ ጠብቋችኋል። ከወጣው አንዱን አንስታችሁ እዩት። ረጅም ሆኖ አንድ ጫፉ ላይ ነጭ ፍሬ ካለው ጊዜው ደርሶ የረገፈ ነው፣ በቦታው ሌላ ይበቅላል። አጭር ሆኖ ፍሬ ከሌለው የተበጠሰ ነው። ወለሉ ላይ የሚበዛው አጭሩ ከሆነ አያያዛችሁን ፈትሹ። ባለ ፍሬው ከወትሮው በጣም ከበዛ ግን ጉዳዩ የጫፍ አይደለም። የደም ማነስ ወይም የእንቅርት ዕጢ ችግር ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ርዝመቱን ስትለኩ ደግሞ ፀጉሩን ወጥራችሁ ለኩ። ጥምዝ ፀጉር ካልተወጠረ ይሰበሰባል፤ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነው 10 መስሎ ይታያል። በየሁለት ወሩ በአንድ ቦታ፣ ለምሳሌ ከግራ ጆሮ በላይ፣ አንድ ዘለላ ወጥራችሁ ሜትር አስጠጉና ጻፉት። አዲሱ ስንት ሆነ፣ አሮጌው ስንት ቀረ። እኔ ደብተሬ ላይ «አዲስ 26፣ አሮጌ 4» ብዬ ከጻፍኩ በኋላ የመጨረሻዎቹን 4 ራሴ ቆረጥኳቸው። ሴትዮዋ ዘንድ ከሁለት ዓመት በኋላ በፋሲካ ስሄድ ሚዶውን ከጫፉ ጀምረው አስገቡት፤ ሳይያዝ ወጣ።